የታንኳው ዕድሜ፦ በሠዓሊዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ!

ከዘጌ በጀልባ የመጣችሁ፣ እንኳን ደኅና ገባችሁ። ጣና ጠዋት ትንሽ ሞገድ ነበረው ሲሉ ሰማሁ። ቡናው እዚያ ጥግ ላይ አለ። ከእናንተው ከዘጌ የመጣ ስለሆነ አታሙት።

ሊቀ መንበር ሲናገር ያስረዝማል ይባላል። እኔ አንድ የራሴን ስሕተት ተናግሬ፣ ትንሽ አክዬበት እቀመጣለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሸራ ሠራሁ። ጀንበር እየጠለቀች ነው፣ ጣና ወርቅ መስሏል፣ መሐሉ ላይ ታንኳ፣ ታንኳው ላይ አንድ ሰው። አትሳቁ! ይህችን ሥዕል እዚህ ቤት ያልሸጠ የለም። ቱሪስት ይወዳታል፣ የቤት ኪራይም ትከፍላለች። ሸራውን ሐይቁ ዳር ካለ ዛፍ ጋር አስደግፌ ሳየው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ከምንድን ነው የተሠራው? ከሸምበቆ ነው?»

«ኧረ ከደንገል ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ታዲያ ደንገል እንዲህ ድቡልቡል ነው እንዴ?»

ጎንበስ ብለው አንድ ዘንግ ቆረጡና ሰጡኝ። ቁርጡን አየሁት፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ስንት ዓመት ስስለው የኖርኩትን ተክል አንድ ቀን እንኳ በእጄ ይዤ አላየሁትም ነበር። አፈርኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ደግሞ መልኩ የከረመ ታንኳ ነው፤ አቀማመጡ ግን የትናንት። የቱን ነው የሳልከው?»

አልገባኝም። አስረዱኝ። አዲስ ታንኳ ደረቅ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውኃው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እየዋለ እያደረ ውኃ ይጠጣል። ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ቀዛፊው እግሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሄደው። ለሚያውቅ ሰው የታንኳው ዕድሜ ጎኑ ላይ ይነበባል፤ ውኃው የት እንደደረሰ ማየት ነው። ኋላ አንድ የዕፅዋት መምህር ስጠይቅ ደግሞ የዘንጉን ውስጥ ከፍተው አሳዩኝ። እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላበት። የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ውኃ ቦታውን ሲይዝበት ታንኳው ያረጃል።

ወደ ሸራዬ ተመለስኩ። ታንኳውን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት። የሰውየውን ፊት አልነካሁም፣ የሰማዩንም ቀለም አልለወጥኩም። ሥዕሉ ግን ሌላ ሆነ። ያየው ሁሉ «ይደርስ ይሆን?» ይለኛል። ሦስት ጣት ናት ይህን ያመጣችው። ሥዕል ትምህርት ቤት ይህን አላስተማረኝም።

የእኛ ሰዎች ይህን ድሮም ያውቁታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን እንኮራለን። ግን ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከየት መጣ? ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ሲያሳየው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የቅኔው ሊቅ የጥበቡን ስም የተዋሰው እጁ ጥላሸት ከነካ ሰው ነው። ዛሬም ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ መጻሕፍቱን ብቻ ቢያውቅ አይበቃውም። ሰሙን ከእርሻ፣ ከሸማኔ ጉድጓድ፣ ከንብ ቀፎ፣ ከፍርድ አደባባይ ያመጣል። ሞፈርና ቀንበርን ለይቶ የማያውቅ ስለ እርሻ ሰም ቢያበጅ ጓደኞቹ ይስቁበታል። እኔ ላይ እንደተሳቀው ማለት ነው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ መቅደሱን ዙሪያውን የከበበውን ሥዕል አይታችኋል። እኛ መስመሩንና ቀለሙን እናደንቃለን። ያን የሠሩ ሰዎች ግን ታሪኩን ከመጽሐፍ ማወቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ጨርቁን ማዘጋጀትና ግድግዳው ላይ ማጣበቅ ነበረባቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የሚስሉትም ለውበት ብለው ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት አለው።

ቅርብ ጊዜ ከፈለጋችሁ አፈወርቅ ተክሌ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር። ሐሳባቸውን ወደ ሥዕል ቀየሩ። ሥዕል ብቻም አልተማሩም፤ ቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ጥበብ ጨመሩበት። አውሮፓን እየዞሩ የመስታወት ሥዕል አጠኑ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አገላበጡ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ከዚያ ሁሉ የመጣ ነው። አስቡት፤ ሸራ ላይ ብርሃን ከፊት ነው የሚመታው፣ መስታወት ላይ ግን ከኋላ ነው። ፀሐይ ስትዞር ቀለሙም አብሮ ይዞራል። ብርሃንን፣ መስታወትንና ሕንፃን ያላወቀ ሰው እንዴት ይደፍረዋል? ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሕግ ተምረው ነበር። ባለቅኔው ያን የሙግት ጉልበት ከየት አመጡት ብላችሁ ስትገረሙ ይህንንም አስታውሱ።

እምቦጭንም ላንሳ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ ብዙዎቻችን ስለነዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። የውኃውን ፊት ይሸፍናል፣ ከሥሩ ብርሃንና አየር ያሳጣል። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ ያችን ሐምራዊ ቀለም ሲነካ እጁ እኩል የሚቀልል አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ሲያነብና ሲጠይቅ ኖሮ ብሩሹ የደረቀበት ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል። ለአንድ ዓሣ ሥዕል ሁለት ዓመት ስለ ዓሣ አጠና። ዓሣው እስካሁን አልተሣለም። ጥናቱ ሥዕሉን ከዋጠው ምን ዋጋ አለው? ሁሉን አውቆ ደንገሉን ሆን ብሎ ድቡልቡል የሚያደርግ ሠዓሊ ካለም መብቱ ነው። እኔ ግን ሳላውቅ ነበር ያደረግሁት።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው አንድ ነገር ወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ የየጉባኤያችን የመጀመሪያ ሰዓት ሠዓሊ ላልሆነ ሰው ይሰጣል። ለሚቀጥለው ሸማኔ እንጋብዝ ያሉ አሉ፣ የኬሚስትሪ መምህር ያሉም አሉ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ሒሳብ ሹሙ ስለ አበል ያላቸውን ጥያቄም ያኔ እንሰማለን።

የዛሬው ተናጋሪ እኚህ ከፊት የተቀመጡት አባት ናቸው። ደንገል ቆርጠው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም አንድ ሸክም ይዘው መጥተዋል። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጉላቸው፤ መሬት ላይ ነው የሚሠሩት። አባቴ፣ ማይኩ ይኸውልዎ።