ከሃይዌዩ ውረዱ እስቲ

እንደምን ዋላችሁ እናቶች አባቶች፣ ወንድሞች እህቶች፣ እናንተም ከኋላ ስልካችሁ ላይ ያጎነበሳችሁ ልጆች። ኮሚቴው አስር ደቂቃ ነው የሰጠኝ፣ ቡናው እስኪፈላ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት አስራ አራት አመት ትራክ ነድቻለሁ። ሚድዌስትን፣ ይሄን ሚኒሶታችን፣ አዮዋና ኢሊኖይ ያሉበትን የአሜሪካ ክፍል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክር ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁኝ ግን የማውቀው ነዳጅ ማደያውንና የሚዛን ጣቢያውን ነው። መንገድ ዳር የምትቆመውን ቡናማ ታፔላ፣ ታሪካዊ ቦታ በዚህ በኩል የምትለዋን፣ ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ መሰላችሁ፣ ጭነቱ ሰዓት አለው፣ ደሞ በቆሎ መሃል ምን ሊኖር ብዬ። ይሄ አመል አሜሪካ የጀመረኝም አይደለም፣ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ሁለት ሰዓት የማትርቀውን ቲያን፣ እነዛን ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ሳላይ ነው የመጣሁት። እስቲ ቲያን ያየ እጁን ያውጣ? አያችሁ፣ ብቻዬን አይደለሁም!

ትራኩን ካቆምኩ በኋላ ባለቤቴ ‹‹እንግዲህ አሁን ሰዓት አለህ፣ ውሰደኝ›› አለችኝና እነዛን ታፔላዎች ተከትለን መውረድ ጀመርን።

ልቤን የነካኝ ቦታ ምንም የሌለበት ቦታ ነው፣ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ባሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከኢንተርስቴት 72 ብዙም ሳይርቅ፣ ኒው ፊላደልፊያ የሚባል ሜዳ አለ። ሳር ነው። የእግር መንገድ አለው፣ ማብራሪያ ሰሌዳዎች አሉት፣ በቃ። ግን በ1836፣ አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ፣ ፍራንክ ማክዎርተር የሚባል በባርነት የተወለደ ሰው እዛ ከተማ ቆረቆረ፣ ካርታ አስነስቶ፣ ቦታውን በካሬ ከፋፍሎ ለነጩም ለጥቁሩም ሸጠ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው በህጋዊ መንገድ አቅዶ ያስመዘገባት የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ከዛ በፊት ኬንታኪ እያለ ለጌታው ሲሰራ ውሎ በትርፍ ሰዓቱ ለባሩድ የሚሆን ጨው እያመረተ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። ያጠራቀመውን ይዞ በ1817 መጀመሪያ ነጻ ያወጣው ማንን መሰላችሁ፣ ራሱን አይደለም፣ ሚስቱን ሉሲን ነው። ለምን? እርጉዝ ነበረች፣ ህጉ ደግሞ ልጅ የእናቱን እጣ ነው የሚከተለው ይላል፣ እሷ ነጻ ከወጣች ልጁ ነጻ ሆኖ ይወለዳላ። ራሱን የገዛው ከሁለት አመት በኋላ ነው። ከዛ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ አንድ በአንድ፣ እሱ በ1854 ከሞተ በኋላም በተወው ንብረት የቀሩትን፣ በጠቅላላው 16 የቤተሰቡ ሰዎች ነጻ ወጡ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የኢሚግሬሽን ፕሮሰስ ጀምሮ፣ ሁለት ስራ እየሰራ፣ መጀመሪያ ሚስቱን ከዛ ልጁን ከዛ እናቱን ያስመጣ ስንት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ኧረ የኛ ከሱ ጋር አይወዳደርም፣ እኛን ማንም አልሸጠን። ግን ባለቤቴ ሰሌዳውን አንብባ ስትጨርስ ዝም ብላ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። በ1869 የባቡር ሃዲዱ ከተማዋን አልፏት ሄደ፣ ነዋሪው ቀስ በቀስ ተበተነ፣ መሬቱም እርሻ ሆነ። ብሄራዊ ፓርክ የሆነችው ገና በ2022 መጨረሻ ነው፣ እኔ ስንት አመት ባጠገቧ ያለፍኩባት ቦታ።

እሺ፣ ኢሊኖይ ከሚኒሶታ ይርቃል፣ ቅርብ የሆነውን ንገረን ካላችሁ አዮዋ ልውሰዳችሁ። ክሬስኮ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከዚህ ሶስት ሰዓት የማይሞላ፣ ኖርማን ቦርሎግ ያደገበት እርሻ አለ። ተራ የገበሬ ቤት ነው፣ የተማረበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤትም አለ። በ1914 የተወለደ የገበሬ ልጅ፣ ሜክሲኮ ሄዶ ዋግ የሚቋቋም ቁመቱ አጠር ያለ ስንዴ አዳቀለና ህንድና ፓኪስታን ከረሃብ ተረፉበት፣ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ይሄ ለኛ ሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በኛ አቆጣጠር ከ77ቱ ድርቃችን በኋላ ሰውዬው ጡረታ ላይ ሳለ ነው የጃፓኑ ባለጸጋ ሳሳካዋና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር አፍሪካ ላይ ስራልን ብለው ያስነሱት፣ በ1993ም ኢትዮጵያ ገብተው በገበሬው ማሳ ላይ ሰርቶ ማሳያ ጀመሩ። ከገጠር የመጣችሁ ሳሳካዋ የሚለውን ስም ሳትሰሙት አትቀሩም። ደግሞ ቦርሎግ ያቋቋመውን የዓለም የምግብ ሽልማት በ2009፣ እሱ ራሱ ባረፈበት አመት፣ ማን ወሰደው? የኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ አቀንጭራን፣ ያን የእህል ስር የሚመጥ አረም፣ የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው፣ እዚሁ ሚድዌስት ኢንዲያና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት። ሽልማቱም የሚሰጠው እዛው አዮዋ፣ ደሞይን ነው። ከሳር ጎጆ የተነሱ ሰው ናቸው፣ ልጆች፣ ይሄን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። የቦርሎግ ቤት ግን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ሳትደውሉ እንዳትሄዱ።

ከክሬስኮ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ስትወርዱ ኤፊጂ ማውንድስ አለላችሁ። የድሮዎቹ የሀገሬው ተወላጆች የዛሬ ሺህ አመት ገደማ አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ በድብና በወፍ ቅርጽ የከመሯቸው ጉብታዎች ናቸው፣ ሌላ ቅርጽ ያላቸውም ተጨምረው ከ200 በላይ ናቸው፣ ትልቁ ድብ ብቻ 137 ጫማ ይረዝማል። መግቢያው በነጻ ነው፣ አቀበቱ ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትመጡብኝ። ልጆቹን ጉብታው ላይ እንዳይወጡ ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ መቃብር ናቸው፣ የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቃብር ላይ ይሯሯጣሉ እንዴ?

እዚሁ አፍንጫችን ስር ደግሞ ኖርዝፊልድ አለች፣ በ1876 የነ ጄሲ ጄምስ ወንበዴ ቡድን ባንክ ሊዘርፍ ገብቶ የከተማው ሰው አሯሩጦ ያባረረበት፣ ካዝናውን አልከፍትም ብሎ የተገደለው የባንኩ ሰራተኛ ጆሴፍ ሄይዉድ ዛሬም ይታሰባል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ወንዶቹ ልጆች ይወዱታል።

ስለመንገዱ ሁለት ነገር ብዬ ልውረድ። ገጠር ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉት። ሲመሽ ቀስ በሉ፣ አጋዘን ነው የሚገባባችሁ፣ ትራክ እየነዳሁ ያየሁትን አልነግራችሁም ቡና ልንጠጣ ነው። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሁድ ትንንሾቹ ከተሞች ጭር ነው የሚሉት፣ እኛ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዘን ነው የምንዞረው፣ ቡናውም በፔርሙስ።

ለክሬስኮው ጉዞ ሰባት መኪና ተመዝግቧል፣ ቦታ ያላችሁ ቦታ ለሌለው ንገሩ። የምንነሳው ቅዳሜ ጠዋት 6 ሰዓት ከዚሁ ፓርኪንግ ነው፣ በፈረንጅ 6 ሰዓት፣ አምና በኛ 6 ሰዓት መስሎት እኩለ ቀን ላይ ደውሎ የት ናችሁ ያለኝ ሰው ራሱን ያውቃል፣ እዚሁ ተቀምጧል።