ጥላ ያለው ባለትዳር

እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጣውንት ነው። አትደንግጡ፣ የወፍ ጣውንት ነው።

አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች ቢያንስ ለአንድ የመራቢያ ወቅት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ጫጩት ማሳደግ ቀልድ አይደለም። እናትና አባት ከንጋት እስከ ምሽት ትል ሲያመላልሱ ይውላሉ። ታዲያ አንዷ ሴት፣ ወንደላጤው እዚያው አጠገቧ እየዘፈነላት፣ ለምን ሚስት ያለው ጋ ትገባለች? እርዳታውን ከሌላዋ ጋር ልትካፈል?

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ጎርደን ኦሪያንስ ነገሩን በሒሳብ አስረዳ። ሴቷ ወንዱን ብቻ አታይም፤ የያዘውንም ቦታ ታያለች። ቦታው በጣም ጥሩ ከሆነ፣ ከባለትዳሩ የምታገኘው ቁራሽ እርዳታ ከወንደላጤው ሙሉ እርዳታ ሊሻላት ይችላል።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ላርክ በንቲንግ የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ወፍ ናት። ጎጆዋ መሬት ላይ ነው። ዛፍ የለም። ፀሐዩ ጫጩቶቹን ይገድላቸዋል። ስለዚህ እዚያ ሀብት ማለት ጥላ ነው፤ ጎጆው ላይ ዘንበል ያለች አንዲት ቅጠላማ ተክል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጥሩ ጥላ ያለው ወንድ ሁለት ሚስት ያገኛል፤ የሌለው ደግሞ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢዘፍንም ብቻውን ይቀራል። ሁለተኛዋ ሚስት ከባሏ ብዙም እርዳታ አታገኝም። ግን ጥላው አላት።

ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል ማለቴ አይደለም። በአውሮፓ ሸምበቆ ውስጥ በሚኖር አንድ ትልቅ ዘማሪ ወፍ ዘንድ፣ ሁለተኛዋ ሚስት የመጀመሪያዋን ሚስት እንቁላል ትሰብራለች። ምክንያቱም አባትየው የሚያግዘው በአብዛኛው መጀመሪያ የተፈለፈሉትን ነው።

ደግሞ አታላይም አለ። ፓይድ ፍላይካቸር የሚባለው ትንሽ ወፍ ሚስቱ እንቁላል ስትጥል ቀስ ብሎ ይወጣል። በመቶዎች ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ የዛፍ ቀዳዳ ይይዝና እንደ ወንደላጤ መዝፈን ይጀምራል። አዲሷ እንቁላል ስትጥል እሱ ወደ ቤቱ! የምግቡን አብዛኛውን የሚያደርሰው ለመጀመሪያዎቹ ልጆቹ ነው። ሁለተኛዋ ብዙ ጫጩት ይሞትባታል።

ተሸወደች? አንዳንድ ተመራማሪዎች አዎ ይላሉ። ሌሎች ግን አይስማሙም፤ ሰውየው በየጊዜው ቦታው ላይ ስለማይገኝ መጠርጠር ትችላለች ባይ ናቸው። እኔ ወደነዚህኞቹ አደላለሁ። የዚህ ወፍ የመራቢያ ጊዜ አጭር ነው። ዘግይታ እንቁላል የጣለች ልጆቿን ለማሳደግ ትቸገራለች። ወንዱ የት የት እንደሚውል ለማጣራት ሦስት አራት ቀን ብትጠብቅ፣ አባጨጓሬው የሚበዛበት ሰሞን ያልፍባታል።