እድራችን ለታመመም ይድረስ

እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ካህናት አባቶቻችን፣ ሼኾቻችን፣ የእድር ዳኞችና ፀሐፊዎች፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የምትሰሩ እህት ወንድሞቼ፣ ከመንዝ ከአንኮበር ከሸዋ ሮቢት ድረስ ተሳፍራችሁ የመጣችሁ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለናንተ አልነግራችሁም፣ በዚህ ብርድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁን ትታችሁ ስለ አእምሮ ህመም ሊወራ ነው ተብላችሁ መምጣታችሁ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ከጥቂት አመት በፊት ይሄንን ስብሰባ ብንጠራ ማን ይመጣ ነበር?

ንግግሬን ፅፌ ነው የያዝኩት፣ ምክንያቱም ስለ ወንድሜ ሳወራ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልናገር እወርዳለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ የእድር ጉዳይ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልናገር፣ እሱም ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ብቻ እንዳልጠራ ተስማምተናል።

ወንድሜ የታመመው 12ኛ ክፍል እያለ ነው፣ መንዝ። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ቀረ፣ ከዛ ሬድዮኑ ስለሱ የሚያወራ ይመስለው ጀመር፣ ከዛ እናታችን የምትሰራውን ምግብ መብላት ተወ። እኛ የመሰለን የፈተና ጭንቀት ነው። ጎረቤት ደግሞ አይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው ዛር ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ መፅሐፍ ስላበዛ ነው አለ። ዛሬ ሀኪሞቹ ሲያስረዱኝ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ህመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልክ በዚህ እድሜ፣ በአስራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ግን ማን ነግሮን።

አንድ ሌሊት ተነስቶ ሄደ። መንዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ ገደል ነው፣ ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ አገኙት። ከዛ ቀን በኋላ አባቴ አሰረው። መጀመሪያ በገመድ፣ ገመዱን ሲበጥስ በሰንሰለት፣ ከቤታችን ምሰሶ ጋር። 4 አመት። እናቴ ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ ትጠቀልልለት ነበር፣ ጨርቁን በየሳምንቱ አጥባ ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች፣ እስኪደርቅ ድረስ እግሩን በእጇ ይዛ ትቀመጣለች። ሰው ልጁን ያሰረ አባት ሲያይ ጨካኝ ይላል። አባቴ ጨካኝ አልነበረም፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው፣ ወይ ሰንሰለት ወይ ገደል ነበር የቀረበለት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያደረገ አባት ካለ ማንም ሊፈርድበት አልመጣም።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። በነዛ 4 አመታት ውስጥ አባቴ ሞተ። ሬሳው ቤት እያለ እድሩ ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚው መጣ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሶስት ቀን ሙሉ ሰው ከቤታችን አልጠፋም፣ እናቴን አንድም ሌሊት ብቻዋን አላሳደሯትም። እግዚአብሔር ያክብራቸው። እነዚሁ ሰዎች ግን ወንድሜ ምሰሶው ስር በቆየበት 4 አመት ቡና ጠጡ ብለን እንኳን ስንጠራቸው ይሸሹን ነበር። ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ ማን እንጀራ እንደሚያመጣ ስርአት አለው። ሰው አእምሮውን ሲታመም ግን ስርአት የለንም፣ ምን ተብሎ እንደሚገባ፣ እግዜር ይማርህ ይባል ወይስ ዝም ይባል አናውቅም፣ ስለማናውቅ እንቀራለን። የአእምሮ ህመምተኞችንና አስታማሚዎቻቸውን የሚረዳው ማህበራችን የተቋቋመው ይሄንን ስርአት እንድናበጅ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ወንድሜን ያዳነው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለሌላ ስራ ሰፈራችን የመጣች አንዲት ነርስ አየችውና እዚህ ደብረ ብርሃን እንድናመጣው ነገረችን። መጣ፣ መድሃኒት ተጀመረለት፣ በኋላ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ ታዘዘለት። በጥቂት ወር ውስጥ ሰንሰለቱ ተፈታ። ጨርቁን እናቴ እስካሁን አልጣለችውም። በቃ ዳነ ብለን ነበር እኛማ፣ ግን አንድ ክረምት የመኪና ብር አጥተን ሁለት ወር መርፌው አመለጠውና ሬድዮኑ እንደገና ያወራው ጀመር። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ይሄ ህመም አንድ ቀን በተሰበሰበ ትልቅ ብር የሚያልቅ አይደለም፣ በየወሩ ነው፣ መርፌው በየወሩ ነው፣ መኪናው በየወሩ ነው፣ ክኒኑ ደግሞ በየቀኑ። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ካርዱና መድሃኒቱ ይሸፈንለታል፣ መድሃኒቱ አልቋል ከውጪ ግዙ ሲባል ግን ያው ከኪስ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወይ ከሞላሌ በጣርማበር ዞሮ እዚህ ለመድረስ የሚከፈለውን ደግሞ ማንም አይሸፍነውም፣ ለዛውም የሁለት ሰው፣ የታማሚውና የአስታማሚው፣ ደርሶ መልስ፣ አንዳንዴም የማደሪያ።

ስለ አስታማሚ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም ተረስቷል። ሀኪሙ በሽተኛውን ነው የሚጠይቀው፣ እንቅልፍ ተኛህ ወይ ይለዋል፣ እናቴን ግን ማን ተኛሽ ወይ ብሏት ያውቃል? በወር አንድ እሁድ አስታማሚዎችን ብቻ ቡና እናጠጣለን፣ ሌላ ፕሮግራም የለውም፣ ሲጀመር ሁሉም ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው፣ አንድ ቀን አንዲት እናት ልጄ ሲመታኝ በር ዘግቼ ነው የምጮኸው ጎረቤት እንዳይሰማ አለችና ከዛ ወዲህ ማን ያስቆማቸዋል። እዛ ቡና ላይ ነው ማን መርፌ እንዳመለጠው፣ ማን መድሃኒቱን ደብቆ እንደሚተፋ፣ ማን ቤት ዱቄት እንዳለቀ የምንሰማው።

የኛ አገር ሀኪሞች እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ለብዙ አመት ያጠኑት ጥናት አለ፣ ስሰማው እንቅልፍ ነስቶኛል። ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ሰዎች 10 አመት ተከታትለው ያገኙት፣ ከሌላው ሰው 30 አመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ነው፣ ከሞቱት ደግሞ ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። አስቡት፣ እኔና እናንተ ጤና ጣቢያ ሄደን የምንታከመው ነገር ነው፣ እነሱን ግን ሲያስላቸው አሳለህ እኮ ብሎ የሚወስዳቸው የለም፣ የሚናገሩትንም እብድ ነው ብሎ የሚሰማ የለም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ወጣቶቻችን መናኸሪያው አካባቢ ጎዳና ላይ ያሉትን ፀጉር ሲቆርጡ፣ ሲያጥቡ፣ ብርድ ልብስ ሲያለብሱ፣ ያሳላቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እንደ ትርፍ ስራ እንዳታዩት፣ ህክምናው ራሱ ነው።

የሚጥል በሽታም አለ፣ እሱም እኛው ጋ ነው የሚመጣው። ወጥ ስታማስል ጥሏት እሳቱ ላይ የወደቀች ልጅ አውቃለሁ፣ አጠገቧ ሰዎች ነበሩ፣ አረፋው ይጋባል ብለው ፈርተው አልነኳትም። አይጋባም። ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱ፣ ከእሳትና ከውሃ አርቃችሁ በጎን አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ፣ እስኪያልፍ አጠገቧ ሁኑ፣ ከ5 ደቂቃ ከበለጠ ወደ ጤና ተቋም አሩጧት። እንደ ፌኖባርቢታል አይነት ርካሽ ክኒን በትክክል ከተወሰደ ይሄ በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች እስከ 70ዎቹ ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ ይላል የአለም ጤና ድርጅት። ግን ክኒኑ በድንገት ከተቋረጠ ብሶ ነው የሚመለሰው። ያው እንደገና በየወሩ ነው ነገሩ።

ካህናት አባቶቼ ይፍቱኝና ስለ ጠበልም ልናገር። እኛ ወንድማችንን ፃድቃኔ ማርያም ወስደነዋል፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ወስደነዋል፣ ዛሬም እንወስደዋለን፣ እናቴ ያለ ጠበሉ አታምንም እኔም አላምንም። ችግር የመጣው ከመድሃኒትና ከጠበል አንዱን ምረጡ የሚል ሰው ሲገጥመን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 የኤችአይቪ መድሃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ ሀጢአት አይደለም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው አስተምረው ነበር፣ ብዙ ሰው ያኔ ተርፏል። ለአእምሮ ህመምም እንዲሁ በሉልን። ሼኾቻችንም ቁርአን የሚቀራበት ሰው መድሃኒቱን እንዳያቋርጥ ምከሩልን። እናንተ አንድ ጊዜ የምትናገሩት እኛ አመት ሙሉ ከምንለፈልፈው ይበልጣል።

አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ ጦርነቱም በህዳር 2014 እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ ያየነውን ሁላችንም ይዘነው ነው ያለነው። ከተማችን መጠለያ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው በር ሲንኳኳ አልጋ ስር ይገባሉ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም፣ ስራው ከኛ አቅም በላይ እንደሆነም አውቃለሁ፣ ግን የቡናው እሁድ ለነሱም ክፍት ነው።

አሁን ብሩ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ገቢ ማሰባሰቢያ ስናደርግ አንድ የመንዝ በግ ለጨረታ ቀርቦ ነበር፣ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው አሸናፊ ብሩን ከፈለና በጉን መልሶ ለማህበሩ ሰጠ፣ እንደገና ተጫረቱበት፣ እንደገና ተመለሰ፣ ያ በግ አራት ጊዜ ተሸጦ መጨረሻ ላይ ጎዳና ያሉ ወገኖቻችን ፋሲካን ፈቱበት። ደስ ይላል፣ እኔም በእልልታ ድምፄ ጠፍቶ ነው የገባሁት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነሐሴ ላይ ካዝናችን ባዶ ነበር። ነሐሴ ደግሞ ገበሬው ጎተራው የተራቆተበት፣ መንገዱ ጭቃ የሆነበት፣ ከገጠር የሚመጡት የኛ ሰዎች ምንም የሌላቸው ወር ነው። እኛም የለንም እነሱም የላቸውም፣ ያን ወር መርፌ ያመለጣቸውን እኔ ራሴ በስልክ ነው እየደወልኩ የሰማሁት፣ አንዷ እናት ልጄ መልሶ ጫካ ገባ ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ እንደ በጉ ያለ ትልቅ ብር አይደለም፣ የሰጠ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቴሌብሩም የባንክ አካውንቱም በሩ ላይ ተለጥፏል። የምለምነው የእድር ዳኞችን ነው። እድሮቻችን በየወሩ ነው የሚሰበስቡት፣ ፀሐፊ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ደረሰኝ አላቸው፣ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ይሄንን ስርአት እኛ ከየት እናመጣዋለን? ከእያንዳንዱ አባል የወር ክፍያ ላይ ትንሽ፣ 5 ብርም 10 ብርም፣ ጠቅላላ ጉባኤያችሁ የፈቀደውን ለታማሚ ብላችሁ ለብቻ መዝግቡ። ለኛ መስጠት ካልፈለጋችሁ አትስጡን፣ በራሳችሁ መንደር ያለውን ታማሚ በራሳችሁ ብር መኪና አሳፍሩት፣ እኛ እዚህ እንቀበለዋለን። በኤችአይቪ ጊዜ እኮ ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመና ወላጅ ላጣ ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም። ለኛ ለሰጣችሁን ደግሞ እያንዳንዷ ወጪ ከነደረሰኟ በየ3 ወሩ ለእድራችሁ ትላካለች፣ የመድሃኒት፣ የመኪና፣ የሳሙና ተለይቶ፣ ጥያቄ ያለው መጥቶ መዝገቡን ይገልጣል።

እትዬ ይሄ ሁሉ ለኛ ምን ያገባናል እንድትሉኝ አልፈልግም፣ ከናንተ መሀል ልጁን ቤት ዘግቶበት የመጣ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ ነርሷ ጓሮ ያለችው ትንሿ ክፍል ውስጥ ትቆያለች፣ ስም አትጠይቅም፣ ሻይ ለመጠጣት የገባ መስላችሁ ግቡ።

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት እነዚህን የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ሲደረድር ነበር። አሁን እዚህ የለም፣ ስለሱ ሳወራ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው አልፈለገም፣ ልክ ነው። መርፌው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከገጠር የሚመጡትም ብዙ ናቸው፣ ቅጥቅጡ ከመንዝ የሚገባበት ሰአት ሁሌም አይታወቅም፣ ከተማውን የማያውቁ እናቶች ታማሚ ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ነው የሚቆሙት፣ ሰው ከቧቸው ያፈጥባቸዋል። ከጠዋቱ 3 ሰአት እስከ 6 ሰአት እዛ ቆሞ የሚቀበል፣ ሻይ አጠጥቶ እስከ ሆስፒታሉ የሚያደርስ ሶስት ሰው ያስፈልገኛል። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለት ሰው ቀረኝ፣ ሐሙስ የምትችሉ እጃችሁን አሳዩኝ።