ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቆሽት፦ ምን እንብላ? እንዴት እንታከም?

[ምስል፦ የላይኛው ሆድ ሥዕል፣ ሦስቱ አካላት በቀለም ተለይተው]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ጉበት፣ ጣፊያና ቆሽት ነው። ከሦስቱ አንዱን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ቅባት ተው፣ ሥጋ ተው፣ እንቁላል ተው። በሽተኛው ሁሉንም ይተዋል። ከዚያ ይከሳል፣ አቅም ያጣል። ጉበቱን ወይም ቆሽቱን የታመመን ሰው ክፉኛ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ግን ራሱ የምግብ እጥረት ነው።

መጀመሪያ ቦታቸውን እንይ። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ጣፊያ በግራ በኩል ነው፣ ከጉበት በጣም ያንሳል። ቆሽት ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ጋደም ብሏል። ከጣፊያ የሚወጣው የደም ሥር በቆሽት ጀርባ ያልፋል፣ ከአንጀት ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ጉበት ውስጥ ይገባል። ይቺን መስመር ያዙልኝ።

[ምስል፦ የደም ሥሩ መስመር ቀስ እያለ ይሳላል]

ጉበት በጠባሳ ሲሞላ፣ ማለትም ሲሮሲስ ሲይዘው፣ ደም እንደ ልቡ አያልፍበትም። መንገድ ሲዘጋ መኪናው ወደ ኋላ እንደሚሰለፈው፣ ደሙም ወደ ጣፊያ ይጠራቀማል። ጣፊያ ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ ደም ቶሎ አልቆም ሊል ይችላል።

«ጣፊያህ አብጧል» የተባለ ሰው እንግዲህ «ምን ልብላ?» ከማለቱ በፊት «ለምን አበጠ?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱ ጉበት ሊሆን ይችላል። ወባ፣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ወይም የደም ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ጣፊያን የሚያሳንስ ምግብ የለም። የሚታከመው ያሳበጠው በሽታ ነው። እስከዚያው ሆድን ሊያስመታ ከሚችል ስፖርት መራቅ ነው፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ያስፈልጉታል። ትኩሳት ከያዘውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ወደ ጉበት እንምጣ። ሰፊው ጉዳይ እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ጉበቱ ላይ ስብ ተከማችቶበት አያውቀውም፤ ምልክት የለውማ። ውፍረት፣ የስኳር በሽታና አልኮል ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ክብደት ለጨመረ ሰው ፍቱኑ ሕክምና ክብደት መቀነስ ነው። ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ስቡም የጉበቱም ቁጣ ይቀንሳል። 90 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። ግን ቀስ ብሎ። በረሃብ ተጣድፎ መክሳት ጉበቱን ሊያባብሰው ይችላል። ከሁሉ በፊት የሚቆመው ለስላሳ መጠጥ ነው። ቡና ወዳጆች አትስጉ፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በሲሮሲስ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ያለ ሆኖ ታይቷል። ስኳሩን ግን ቀንሱት።

ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ጉበትን የሚያጠቁት ቫይረሶች፣ ሌላ ነገር ናቸው። ቫይረስ በአመጋገብ አይጠፋም። ሲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ቢ ክትባት አለው፤ ለያዘውም የሚቆጣጠረው መድኃኒት አለ።

ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሰውስ? ሆዱ ውኃ ከቋጠረ ጨው ይቀንሳል። በቀን በጠቅላላው 5 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለው ጨምሮ። ፕሮቲን ግን አይቀነስም። ድሮ «ጭንቅላቱን ያዞርበታል» ተብሎ ይከለከል ነበር፣ ዛሬ ያ ምክር ተትቷል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ ሁሉም ይሆናል። የታመመ ጉበት ለሌሊት የሚሆን ስንቅ ስለማይዝ ሰውነት የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ትንሽ መክሰስ ጥሩ ነው።

«ጉበት ያጥባል» የሚባሉ ቅጠሎችና ዱቄቶችስ? እኔ አልመክርም። አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበት ይጎዳሉ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ለሲሮሲስ በሽተኛ አይሆኑም፤ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም ያስፈስሳሉ። ፓራሲታሞል ሐኪሙ በወሰነው መጠን ብቻ።

[ምስል፦ ቆሽትና የሐሞት ከረጢት]

ቆሽት ሁለት ሥራ አለው። ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንም ይሠራል። በድንገት ሲቆጣ ሕመሙ ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ጀርባ ይወጋል፣ ያስመልሳል። ይህ ቤት ተኝተው የሚያሳልፉት አይደለም። ዋናዎቹ መንስኤዎች የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው፤ በደም ውስጥ በጣም የበዛ ትራይግሊሰራይድ የሚባል የስብ ዓይነትም ያመጣዋል። ሆስፒታል ውስጥ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። ቀድሞ በሽተኛው ለቀናት ምግብ ይከለከል ነበር። አሁን ማስመለሱ ካቆመና ከቻለ ቶሎ ይጀምራል፣ ቅባቱ አነስ ያለ ምግብ። መንስኤው ጠጠር ከሆነ የሐሞት ከረጢቱ ይውጣ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ቁጣው ሥር ሲሰድ ኢንዛይሙ ያንሳል። ሰገራው ቅባት ይበዛበታል፣ ይሸታል፣ ሰውዬው እየበላ ይከሳል። መድኃኒቱ የኢንዛይም ካፕሱል ነው፤ የሚወሰደው ከምግብ ጋር፣ ገና መብላት ሲጀመር። ብዙዎች ከበሉ በኋላ ይውጡትና «አልሠራልኝም» ይላሉ። ቅባትን ጭራሽ ማቆም አያስፈልግም፣ ኢንዛይሙን ማስተካከል ይሻላል። አልኮልና ሲጋራ ግን ሁለቱም ይቁሙ። ሲጋራውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስኳር በሽታም ሊከተል ስለሚችል በየጊዜው መመርመር ነው።

ደም ካስመለሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ በሽተኛው ከተደናገረ ወይም ቀን ሙሉ እያንቀላፋ ካስቸገረ እስኪነጋ አትጠብቁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒትና ቅጠል ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ አያፍርባችሁም።