ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሲቸግራችሁ የትኛውን በር ታንኳኳላችሁ?

(ምስል፦ ደሴ፣ ጠዋት። የጦሳ አናት በጉም ተሸፍኗል። ታክሲዎች ወደ ፒያሳ ይወርዳሉ።)

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ሲቸግር ድጋፍ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። ልመና አይደለም። ለናንተው ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ነው።

ነገሩን እንዳነሳ ያደረገችኝ ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ጉልበቷ ታማሚ ነው፣ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። አንድ ቀን ደጃችን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጭኗ ላይ ጥቁር ፌስታል አለ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነው። የመታወቂያ ኮፒ፣ የሕክምና ካርድ፣ የባሏ የሞት ማስረጃ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ። ደብዳቤው ከመታጠፍ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል።

«አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል ልጄ፣ ያኛው መልሶ ወዲህ» አለችኝ። ስንቴ ተመላለስሽ ብላት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ተወችው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ማመልከቻዋን ማንም እንደተቀበለ የሚያሳይ ቁጥር የለም። ማህተም የለም። ሰባት ጊዜ ሄዳ አንድም ጊዜ መዝገብ ላይ አልገባችም። ሁሉም በቃል ነበር። «እሺ እናያለን»፣ «ሰኞ ይምጡ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

(ምስል፦ ድንኳን ሲተከል። ሰዎች አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ።)

የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው። ቅሬ። ሌላው አገር እድር ይለዋል፣ እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። ብዙ ሰው ቅሬን ለለቅሶ ብቻ ያስበዋል። ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ቀብር። ግን ቅሬ ሰፈሩን በደንብ ያውቃል። ማን እንደታመመ፣ ማን ልጁን ከትምህርት እንዳስቀረ፣ የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣው። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው ያለው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎና ከራያ የተፈናቀለው ሰው ደሴን ሲሞላት፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሲሆኑ አስታውሱ። ከየቤቱ እንጀራ እየተሰበሰበ ይሄድ ነበር። ያንን ማንም መመሪያ አላዘዘውም።

ቅሬ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ምስክር አለው። ቀበሌ ላይ «ይቺ ሴት በእውነት ችግረኛ ናት» የሚል ሰው ሲያስፈልግ የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም የመሪው፣ ቃል ይሰማል። ስለዚህ ችግራችሁን መጀመሪያ ለቅሬያችሁ ዳኛ ንገሩ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። የኛ ሰው ጾሙን አድሮ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን» የሚል ነው። ግን ያልተነገረ ችግር ስም ዝርዝር ላይ አይገባም። አብሽሩ፣ ንገሩ።

መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም አሉ። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ የሚያጣሩት የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። በሰንበቴና በማኅበር በኩልም ችግረኛን ማገዝ የቆየ ነው። እነዚህን በሮች ለድንገተኛ ነገር አንኳኩ። ለዛሬ እራት፣ ለአንድ ሳምንት መድኃኒት። ለወራት የሚዘልቅ ነገር ሲሆን ግን ወደ ቀበሌ እንሂድ።

(ምስል፦ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ። የተለጠፈ የስም ዝርዝር።)

ቀበሌ ላይ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሴፍቲኔትን ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር አገር ውስጥ የተመረጡት 11 ከተሞች ብቻ ነበሩ። ደሴ አንዷ ናት። ኋላ ወደ ሌሎች ብዙ ከተሞች ሰፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቤተሰቡ መሥራት የሚችል ሰው ካለ በአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራል፣ ይከፈለዋል። ጽዳት፣ ችግኝ፣ የጎርፍ ቦይ፣ እንዲህ ያለ ሥራ። መሥራት የማይችል፣ ማለትም አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ በጽኑ የታመመ፣ ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው ይያዛል። እሱ ሳይሠራ ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው ይሄን ሁለተኛውን አያውቀውም። «መጥረጊያ ይዤ መቆም አልችልም» ብሎ ገና ሳይጠይቅ ይቀራል። እማማም እንደዚያ ነበር ያሰበችው።

ተጠቃሚ የሚለየው ከሰፈር በተውጣጣ ኮሚቴ ነው፣ ከዚያ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፋል። የሚለጠፈው እንድታዩት ነው። የሚገባው ቀርቶ የማይገባው ከገባ ቅሬታ የሚቀርበው ያኔ ነው። ቅሬታ ሰሚ አካል አለ። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ስለዚህ «አለ ወይስ የለም?» ብላችሁ አትመለሱ። «ቀጣዩ ልየታ መቼ ነው? የኛ ሰፈር ኮሚቴ እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

እዚያው ሳላችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን ጠይቁ። ወላጅ ያጣ ልጅ፣ ጧሪ ያጣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጉዳያቸው የሚያርፈው እዚህ ነው። በግል ገብተው የሚረዱ ድርጅቶችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ስም ዝርዝር የሚወስዱት ከዚህ ቢሮ ነው። ስማችሁ እዚህ ከሌለ ድርጅት ቢመጣም አያገኛችሁም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ፎርም መሙላት ገንዘብ አይጠየቅበትም። «እኔ አስገባሻለሁ፣ ይቺን ስጪኝ» የሚል ሰው ከመጣ ደላላ ነው። የማውቃት አንዲት ሴት የዶሮዋን የእንቁላል ገንዘብ እንዲህ አጥታለች። ስሟ የትም አልገባም።

(ምስል፦ ጤና ጣቢያ። ወረፋ የያዙ እናቶች።)

ወደ ጤና እንለፍ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ማለትም በየዓመቱ መዋጮ ተከፍሎ ሲታመሙ የሚታከሙበት፣ ሲጀመር፣ በ2003፣ በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ላይ ነበር የተሞከረው። አንዱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ተሁለደሬ ነው፣ ሐይቅ ያለበት ወረዳ። ስለዚህ ወሎ ለመድን አዲስ አይደለም።

መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ለሚባሉት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። መራጩ አሁንም ቀበሌና ማኅበረሰቡ ነው። እዚህ ላይ የቅሬ ዳኛችሁ ምስክርነት ዋጋ አለው ያልኳችሁን አስቡ። የመድን ደብተሩን ካገኛችሁ በኋላ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የእድሳት ጊዜ ካለፈ በታመማችሁ ቀን ደብተሩ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ሙሉ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

መድንም ባይኖራችሁ ግን ክፍያ የማይጠየቅባቸው አገልግሎቶች አሉ። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በጤና ጣቢያ፣ የልጆች ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒት። ብር ስለሌለኝ ብላችሁ እቤት አትውለዱ።

ለድንገተኛ ነገር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት፣ እጠብቃችኋለሁ።

(ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከላይ ሲታይ።)

ሐረጎን ካነሳን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሚባል መብት አለው፣ በአዋጅ 799/2005። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅም፣ ወይም መድን ባይኖረውም፣ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ትልቁ ነገር የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ነው። በሽምግልና ጨረስን ብላችሁ ማስረጃውን ሳትይዙ ከተለያያችሁ በኋላ የምትይዙት ነገር አይኖርም። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ ይቅደም።

እግሩን ወይም እጁን ላጣ ሰው ደሴ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንች፣ ዊልቸር የሚሠራበትና የሚሰጥበት ቦታ ነው። ከገጠር ዘመድ ካላችሁ ንገሩት። ቤት ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልንም አትርሱ። ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙዎቻችን የ1870ውን ጉባኤ ነው የምናስበው። ለቆዳ፣ ለሥጋ ደዌና ለዓይን ሕመም ግን ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ሰው የሚመጣበት ሆስፒታል ነው።

(ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት። ወጣት ሴቶች በቡድን ይሄዳሉ።)

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ብዙ ወጣት ሴቶች መጥተዋል። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ቅሬ የላቸውም። የኮምቦልቻ መታወቂያም ብዙዎቹ የላቸውም። ሲታመሙ ወይም ከሥራ ሲባረሩ በአየር ላይ ይቀራሉ።

እህቶቼ፣ መጀመሪያ ከትውልድ ቀበሌያችሁ መሸኛ አምጡና ነዋሪነታችሁን አስመዝግቡ። የቤት አከራያችሁን ቅሬ ለመግባት ጠይቁ፣ አራት ሆናችሁ አንድ አባል መሆን እንኳ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ከአሠሪ ጋር ከተጣላችሁ ቀን ቁጠሩ። ያላግባብ ተሰናብቼ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር። «ነገ ይከፍሉኛል» እያላችሁ ጊዜው ያልፋል። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ቅሬታችሁን ይቀበላል።

ፍርድ ቤት መሄድ ካለባችሁና የዳኝነት መክፈያ ከሌላችሁ «በደሃ ደንብ» የሚባል መንገድ አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ያለ ነው። መክፈል እንደማትችሉ አስረድታችሁ ሳትከፍሉ ትከሳላችሁ። ቃሉን እንዳለ ለሬጅስትራር ንገሩ፣ በደሃ ደንብ ልክሰስ ሳይሆን «በደሃ ደንብ ልከስ እፈልጋለሁ» ብላችሁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ክስ የሚጽፍላችሁ ሰው ካጣችሁ እዚያ ጠይቁ።

በዚህች ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። ጥቃት ከደረሰባችሁ ወይም በልጃችሁ ላይ ከደረሰ፣ ልብሱን ሳታጥቡ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ሐሜቱ ይቆይ።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ጥቁር ፌስታል።)

አሁን ወደ እማማ ፌስታል ልመለስ። ያን ማታ ማመልከቻ ጻፍን። ርዝመቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። እንዲህ ይላል፦

«ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ እንድሆን ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች ዕድሜዬ 68 ሲሆን ባለቤቴ በሞት ተለይቶኛል። በጉልበት ሕመም ምክንያት ሠርቼ መብላት አልችልም። ዕድሜያቸው 9 እና 12 የሆኑ ሁለት የልጅ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ሌላ ገቢ የለኝም። ስለዚህ በቀጣዩ ልየታ ጉዳዬ እንዲታይልኝ፣ የማልመረጥ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከሥሩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። መጻፍ የማይችል የጣት አሻራ። ከኋላው የመታወቂያ ኮፒ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ፣ የቅሬው ዳኛ የፈረመበት ምስክርነት። ያቺን «በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የምትለዋን ሐረግ አትተዉ። በቃል መመለስን የምታስቀር እሷ ናት።

ሁለት ቅጂ አድርጉት። ለኃላፊው እጅ በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ይወስዳሉ፣ ሌላው ላይ ማህተም ያደርጉና የገቢ ቁጥርና ቀን ይጽፉበታል። ካልጻፉ በትሕትና ቆማችሁ ጠይቁ። እማማ ስትሄድ የልጅ ልጇ፣ የ12 ዓመቱ፣ አብሯት ሄደ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ልትዞር ስትል ልጁ «እትዬ፣ ቁጥሩስ?» አላት። ጻፈችለት።

ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መቼ እንመለስ ብላችሁ ቀጠሮውን እዚያው ቅጂ ጀርባ ላይ አስጽፉ። የቀጠሮው ቀን ጠዋት 2፡30 ላይ፣ ቅጂውን ይዛችሁ፣ በሩ ላይ ተገኙ።