የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በሙስሊሙ ዓለም የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከደሴ የደወሉ አድማጭ፣ «ኢራን ምርጫ ታካሂዳለች፣ ፓርላማም አላት፤ ታዲያ ሃይማኖታዊ መንግሥት ናት ወይስ ዘመናዊ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ሁለቱም ናት፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱና ፓርላማው በሕዝብ ይመረጣሉ፤ ከበላያቸው ግን በአብዮቱ መሪ በአያቶላህ ኾሜይኒ አስተምህሮ መሠረት የእስልምና ሕግ ሊቅ፣ ማለትም ፈቂሁ፣ ጠቅላይ መሪ ሆኖ ተቀምጧል። በመካከል ያለው የሕገ መንግሥት ጠባቂዎች ምክር ቤት 12 አባላት አሉት። ስድስቱን የሃይማኖት ሊቃውንት ጠቅላይ መሪው በቀጥታ ሲሾም፣ ስድስቱን የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ራሱ መሪው የሾመው የፍትሕ አካሉ ኃላፊ አቅርቦ ፓርላማው ይመርጣቸዋል። ምክር ቤቱ ሕጎችን ብቻ ሳይሆን ዕጩዎችንም ይመረምራል፤ በ2024ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከተመዘገቡት 80 ሰዎች ያለፉት ስድስት ብቻ ነበሩ።

ሆኖም የሃይማኖቱ ወገን ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይኸው ምክር ቤት ፓርላማው ያወጣቸውን የመሬትና የሠራተኛ ሕጎች ከሸሪዓ ጋር ይጋጫሉ እያለ ሲመልስ፣ ኾሜይኒ በ1988 መጀመሪያ እስላማዊ መንግሥትን ማስጠበቅ ከሶላት፣ ከጾምና ከሐጅ እንኳ እንደሚቀድም አስታወቁ፤ አለመግባባቱን የሚዳኝ ሌላ ጉባኤም አቋቋሙ። በእኔ እይታ ይህ የመንግሥት ጥቅም ከፊቅህ (ከእስልምና ሕግ) በላይ መሆኑን ማወጅ ነበር፤ ያወጁትም የፈቂሁን ሥልጣን ያነገሡት ሰው ራሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ «ቱርክስ ሃይማኖትንና መንግሥትን ለይታለች ማለት ይቻላል?»

መልስ፦ ለይታለች ከማለት አንዱን በሌላው ሥር አድርጋለች ማለት ይሻላል። ኸሊፋነቱ፣ ማለትም የሙስሊሙ ዓለም የበላይ መሪነት፣ በተሻረበት ዕለት፣ መጋቢት 3 ቀን 1924 እ.ኤ.አ.፣ የሸሪዓ ሚኒስቴሩም ተዘግቶ ዲያኔት የተባለው የሃይማኖት ጉዳዮች ተቋም ተመሠረተ። የመስጊድ ኢማሞች እስከ ዛሬ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከመንግሥት ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት አድማጭ፣ «የእኛ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችስ መንግሥትንና ሃይማኖትን አይቀላቅሉም ወይ?» ብለዋል።

መልስ፦ በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ ስለሆኑ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖታዊ ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ወሳኙ ነገር ፈቃዱ ነው። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ወገን እንደ ተስማማ ይቆጠራል፤ ለኔ አሳሳቢው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከፍርድ ቤት መቅረት ሁልጊዜ መስማማትን አያሳይም። በሌላ በኩል፣ በአንድ የቤት ውርስ ክርክር ፈቃዷን ያልሰጠች ሴት ተቃውሞዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በሰበር ችሎትም ውድቅ ቢደረግም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ውሳኔዎቹን ሽሮላታል።