አሮጌው ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እንቢ ሲል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ አሰላሙ አለይኩም። እህል ነጋዴ ነኝ። የዱቤ መዝገቤን የያዝኩት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ባሠራሁት ፕሮግራም ነው። ልጄ ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዛልኝ፣ ፕሮግራሙ ግን አልነሳም አለ። አሮጌውን ልሽጠው?

ወአለይኩም ሰላም። ኧረ እንዳይሸጡት ጋሼ! መጀመሪያ መረጃው ይገልበጥ። ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን፣ ማለትም ፕሮግራሙን እንደ አሮጌ ዊንዶውስ ሆኖ የሚያስነሳውን፣ ይሞክሩት፣ አንዳንዴ እሱ ብቻ ይበቃል። ባለ16 ቢት የሚባለው የጥንት ዓይነት ፕሮግራም ከሆነ ግን በከንቱ አይድከሙ፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ እሱን አያስነሳም፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ32 ቢት የለውም። ያኔ መፍትሔው ቨርቹዋልቦክስ ነው። በነፃ ይወርዳል። ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያለ ያህል መስኮት ይከፍትልዎታል፣ ባለ32 ቢት ኤክስፒዎን እዚያ ይጭኑና ፕሮግራሙ ድሮ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ለኤክስፒ 512 ሜጋባይት ራም አያንሰውም። ኢንተርኔቱን ግን ይዝጉበት፣ የማይክሮሶፍት የደህንነት ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ያበቃ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር ነው። ዘግተው በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡት። ከጠፋ ደስ የሚላቸው ባለዕዳዎችዎ ብቻ ናቸው።

ከወልዲያ፣ ተማሪ፦ ጓደኛዬ በፍላሽ ፕሮግራም ሰጠኝ። ቫይረስ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ዊንዶውሴን ሳላበላሽ ልሞክረው?

አብሽር፣ ይቻላል። ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ የሚባል፣ ፕሮግራም ተለይቶ የሚሞከርበት ጊዜያዊ ዊንዶውስ አብሮት አለ። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ገብተህ ምልክት ታደርግበታለህ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ላይ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱንም እይ። ስትዘጋው ውስጡ የነበረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፤ አሳይንመንትህን እዚያ ጽፈህ ዘግተህ እንዳታለቅስ። ዊንዶውስህ ሆም ከሆነ ይሄ ስለሌለው ሳንድቦክሲ የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም ጫን። እሱ ቀለል ያለ ነው፣ ፕሮግራሙ የሚጽፈውን ወደ ራሱ ፎልደር ያዞርበታል፣ ዊንዶውሱ ግን ያው የአንተው ስለሆነ አጥሩ እንደ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ አይጠነክርም። በሁለቱም ውስጥ የይለፍ ቃልህን አትጻፍ።

ከኮምቦልቻ፣ የቢሮ ሠራተኛ፦ ሦስት ኮምፒውተር አለን፣ ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው። ሙሉ ዊንዶውስ ሳንደርብ አሮጌ ፕሮግራማችንን ብቻ ለይተን ማስኬድ አንችልም?

ይቻላል እህቴ። እነ አፕ-ቪ እና ቲንአፕ የሚባሉት መጠቅለያ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዚህ ነው። ፕሮግራሙን ከነፋይሉ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ካለው ቅንብሩ ጋር ጠቅልለው ያስቀምጡታል፣ ስለዚህ የማይስማሙ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ኮምፒውተር ላይ ሳይጣሉ ይሠራሉ። ግን እነዚህ መቶና ሁለት መቶ ኮምፒውተር ለሚያስተዳድር ድርጅት ናቸው። ለሦስት ኮምፒውተር ድካሙ ይበዛል፣ እኔ አልመክራችሁም። ፕሮግራሙ ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራ ፖርተብል ዓይነት ካለው እሱን ውሰዱ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፦ ሲከፈት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ቁልፍ ይፈልጋል? ቁልፉ የራሱ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ካለው መጠቅለሉ አያዋጣም፣ ድራይቨር አብሮ አይጠቀለልም። ያኔ ለአንዱ ኮምፒውተር ራም ጨምሩና ቨርቹዋልቦክሱን እሱ ላይ ብቻ ጫኑት።